በናይትሮጅን የቀዘቀዘ ጥሩንባ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

 

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1939 ቢቢሲ ከካይሮ ቤተ መዘክር አንድ ለየት ያለ ዝግጅት አሠራጭቶ ነበር። ከፈርዖን ቱታንካሙን መቃብር የወጡ ሁለት ጥሩንባዎች፣ አንዱ የብር፣ ሌላው መዳብ የበዛበት ቅይጥ፣ ከ3000 ዓመት በላይ ዝም ብለው ኖረው በሬዲዮ ተነፉ። የነፋቸው የእንግሊዝ ጦር ባንድ አባል ነው። ድምፁ ተቀርጾ ስለቀረ ዛሬም ይሰማል። ጥርት ያለ፣ ደፈር ያለ ድምፅ ነው። የሰማው ሁሉ "ይህን ያህል ዘመን ኖሮ ብረቱ እንዴት አልደከመም!" ቢል አይፈረድበትም።

ሆኖም ወታደሩ ጥሩንባዎቹን እንደተገኙ አልነፋቸውም። ከንፈር በሚያርፍበት ጫፋቸው ላይ ዘመናዊ ማውዝፒስ ገጥሞባቸዋል። ማውዝፒስ የምንለው ያቺን ትንሽ ጽዋ የመሰለች ከንፈር የምትቀበል ቁራጭ ነው። እሷ ስትጨመር በመሣሪያው ውስጥ ያለው የአየር መንገድ ቅርጹ ይለወጣል፤ ቅርጹ ሲለወጥ ደግሞ የሚወጣው ድምፅ ሌላ ይሆናል። ስለዚህ በዚያ ዕለት ዓለም የሰማው ድምፅ ፈርዖኑ ራሱ ሰምቶት የማያውቀው ነው። ብረቱ የጥንት ነው፤ ድምፁ ግን በከፊል የ1939 ነው።

የዛሬው ጉዳያችን ይኸው ነው። ጥሩንባ፣ ትሮምቦን፣ ቱባና የመሳሰሉት የነሐስ የትንፋሽ መሣሪያዎች ዘመን ሲጠግቡ ድምፃቸው ይለወጣል ወይ? ደግሞስ ገንዘብ ተከፍሎ የሚደረግላቸው "ሕክምና" ሁሉ፣ ማቀዝቀዙ፣ ማጋሉ፣ በብር መለበጡ፣ ቅቡን መግፈፉ፣ እውነት የሚፈይደው ነገር አለ?

ሙዚቀኞችን ብትጠይቁ እርስ በርሱ የሚጣላ መልስ ታገኛላችሁ። አንዱ "ጥሩንባ በተነፋ ቁጥር ይከፈታል፣ ይለሰልሳል፤ አዲሱ ገና ግትር ነው" ይላችኋል። ሌላው "ይህ መሣሪያ ሃያ ዓመት ተነፍቶ ብረቱ ሞቷል፤ ከእንግዲህ አይመለስም" ይላል። አንድ ብረት በመነፋት ብዛት እንዴት ሊፈታም ሊሞትም ይችላል? ሁለቱም ግን ከልባቸው ነው የሚናገሩት፤ ሁለቱም አንድ ነገር ሰምተዋል። የሰሙትን አልጠራጠርም። የምጠራጠረው ምክንያቱን ነው።

ጥያቄው እኛ አገር የቅንጦት አይደለም። የነሐስ ባንድ ታሪካችን ከአድዋ ድል በኋላ ከሩሲያው ንጉሥ ከዳግማዊ ኒኮላስ በስጦታ ከመጡት መሣሪያዎች ይነሣል። ቀጥሎም ራስ ተፈሪ በ1924 እ.ኤ.አ. በኢየሩሳሌም አይተው አዲስ አበባ ያመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ "አርባ ልጆች" የተባሉት፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት ማርሽ ሲያሰሙ እናገኛቸዋለን። ከዚያም ክብር ዘበኛው፣ ፖሊሱ፣ ምድር ጦሩ የየራሱን ባንድ አቆመ። የባንድ መሣሪያ የመሥሪያ ቤት ንብረት ነው። ጡረታ የሚወጣው ያስረክባል፣ አዲስ የተቀጠረው ይረከባል። ስለዚህ "ይሄ ትራምፔት አልቋል ወይስ ይታደሳል?" የሚለው ጥያቄ በጀት የሚጠይቅ፣ ፊርማ የሚያስፈርም ጥያቄ ነው።

(አጭር የትራምፔት ድምፅ፤ አንድ ረጅም ኖታ)

እስቲ አሁን የሰማችሁት ድምፅ ከየት መጣ? ብዙ ሰው ነሐሱ እየተንቀጠቀጠ የሚጮህ ይመስለዋል። ደወል እንደዚያ ነው፤ ሲመታ ብረቱ ራሱ ይንቀጠቀጣል። ጥሩንባ ግን ሌላ ነው። የነፊው ከንፈር በሰከንድ በመቶዎች ጊዜ እየተከፈተና እየተዘጋ ትንፋሹን ይቆራርጠዋል። በሲ ቤሞል ትራምፔት ውስጥ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ርዝመት ያለው የአየር ዓምድ አለ። ግፊቱ በዚህ ዓምድ ውስጥ ይጓዛል፤ ሰፊው የፊት አፍ ጋ፣ ማለትም ቤሉ ጋ፣ ሲደርስ ከፊሉ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ብዙው ግን ተንጸባርቆ ወደ ከንፈሩ ይመለሳል። የተመለሰው ሞገድ ከንፈሩን "አሁን ተከፈት፣ አሁን ዝጋ" እያለ ያዘዋል። ሞገዱና ከንፈሩ ሲስማሙ ኖታው ተይዞ ይቆማል። ባይስማሙ ኖታው ይንሸራተታል፣ ይሰነጠቃል።

እንግዲህ የሚዘፍነው አየሩ ነው። የነሐሱ ዋና ሥራ ለአየሩ ቅርጽ መስጠት ነው። ይህን ከያዝን የቀረው ይቀለናል፤ ማንም ሰው መጥቶ "መሣሪያህን አክምልሃለሁ" ሲል አንድ ጥያቄ ብቻ መጠየቅ ነው፦ የአየሩን መንገድ ትለውጣለህ ወይስ አትለውጥም?

አሁን ወደ ማቀዝቀዙ እንምጣ። ስሙን ስትሰሙት ይማርካል። መሣሪያው ልዩ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይገባና በፈሳሽ ናይትሮጅን አማካይነት በሰዓታት ውስጥ ቀስ እያለ ከዜሮ በታች ወደ 195 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይወርዳል። እዚያ ይቆያል፤ ከዚያ እንደገና ቀስ ብሎ ይመለሳል። ሻጮቹ የሚሉት ይህ ነው፦ ነሐሱ ሲታጠፍ፣ ሲጠፈጠፍ፣ ሲበየድ ውስጡ የታመቀ ውጥረት ይቀራል፤ ቅዝቃዜው ያን ውጥረት ይፈታዋል፤ ከዚያ በኋላ መሣሪያው በነፃነት ይዘምራል።

ውጥረቱ እውነት ነው፤ ተረት አይደለም። እንዲያውም ሰው አስቸግሯል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በህንድ የነበረው የእንግሊዝ ጦር የነሐስ ቀለህ ያላቸውን ጥይቶች በፈረስ ጋጣ ያከማች ነበር። የዝናቡ ወራት ሲመጣ ቀለሆቹ ማንም ሳይነካቸው ይሰነጠቁ ጀመር። ምክንያቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ ነው፦ ከፈረስ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ፣ እርጥበቱና በብረቱ ውስጥ ታምቆ የቀረው ውጥረት ተባብረው ነው። መፍትሔው ምን ሆነ መሰላችሁ? ማቀዝቀዝ አይደለም፤ ማሞቅ ነው። ነሐስን ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ባለው ሙቀት ለጥቂት ጊዜ ማቆየት ውጥረቱን ያላላዋል፤ ብረቱም ጥንካሬውን ብዙ አያጣም። አቶሞች ቦታቸውን አስተካክለው ለመቀመጥ ሙቀት ይፈልጋሉ። በናይትሮጅን ብርድ ግን ባሉበት ደርቀው ይቀራሉ።

ታዲያ የማቀዝቀዙ ሐሳብ ከየት መጣ? ከብረት ሥራ ነው፣ ያውም ከአረብ ብረት። የአረብ ብረት መቁረጫዎችን በኃይል ማቀዝቀዝ የውስጥ አደረጃጀታቸውን በእርግጥ ይለውጣል፤ እየተበሉ እንዳያልቁ ያጠነክራቸዋል። የመዳብና የዚንክ ቅልቅል በሆነው በጥሩንባ ነሐስ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ለውጥ የለም። ለአንዱ ብረት የሠራ መድኃኒት ለሌላው ተሸጠ ማለት ነው።

"ንድፈ ሐሳቡን ተወው፤ ጆሮ ምን ይላል?" የሚል አድማጭ አይጠፋም፤ ልክ ነው። በአሜሪካ የተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች ይህንኑ ፈትነውታል። 10 ባክ ስትራዲቫሪየስ የሚባሉ ትራምፔቶች ወስደው አምስቱን አስቀዘቀዙ፤ አምስቱን እንዳሉ ተዉ። ደረጃቸው የተለያየ ነፊዎች ነፏቸው፤ ድምፁም በመሣሪያ ተለካ። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2003 ለአሜሪካ የአኩስቲክ ማኅበር ጉባኤ አቀረቡ። በቀዘቀዙትና ባልቀዘቀዙት መካከል ተደጋግሞ የሚታይ ልዩነት አልተገኘም። ከአንዱ ነፊ ወደ ሌላው ያለው ልዩነት ግን ከማንኛውም ነገር በልጦ ተገኘ። አንድ ዓይነት ስም፣ አንድ ዓይነት ሞዴል ባላቸው ሁለት ትራምፔቶች መካከል ያለው ልዩነት እንኳ በቀዘቀዘውና ባልቀዘቀዘው መካከል ካለው ልዩነት ይበልጣል።

እርግጥ ጥሩንባን የሚለውጥ ብርድ አለ፤ የጠዋት ብርድ። ድምፅ በቀዝቃዛ አየር ውስጥ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ስለዚህ መሣሪያው ሲቀዘቅዝ ድምፁ ይወርዳል። በመሣሪያው ውስጥ ያለው አየር አንድ ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ድምፁ በግምት 3 ሳንቲም ያህል ይወርዳል፤ ሳንቲም የምንለው የግማሽ ድምፅ አንድ መቶኛ ነው። የጥምቀት ዕለት ማለዳ 10 ዲግሪ ላይ የተቃኘ ባንድ እኩለ ቀን 22 ዲግሪ ላይ ሲደርስ፣ የትንፋሹን ሙቀት ለጊዜው ብንተወው፣ ድምፁን የግማሽ ድምፅ አንድ ሦስተኛ ያህል ከፍ ብሎ ያገኘዋል። ነፊዎች ከመጀመራቸው በፊት ድምፅ ሳያወጡ ትንፋሽ ብቻ ወደ ቱቦው የሚለቁት ለዚህ ነው። የናይትሮጅን ገንዘብ አይጠይቅም።

(የባንድ ማርሽ ሙዚቃ፤ አጭር)

ስለ ማቅለሚያና ስለ ልባጥ ደግሞ ብዙ አልቆይም። የትራምፔት ግድግዳ ግማሽ ሚሊሜትር አካባቢ ነው። የብር ልባጥ ጥቂት ማይክሮን ነው፤ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ። ላከር የሚባለው ግልጽ ቅብ ከዚያ ቢወፍርም ያው የፀጉር ውፍረት እንኳ አይሞላም። ሥራው ነሐሱን ከላብና ከአየር መከላከል ነው። "ላከሩን ባስገፍፈው ድምፁ ይፈታል" የሚሉ የሳክስፎን ተጫዋቾችም አሉ፤ ሳክስፎን አካሉ ነሐስ ይሁን እንጂ በሸምበቆ ስለሚነፋ የሌላ ቤተሰብ ነው፤ ክርክሩ ግን አንድ ነው። እዚህ ላይ የማስጠነቅቀው አለ። ቅቡን ለመግፈፍ ብሎ መሣሪያውን በሚሽከረከር መወልወያ ማሸት ከቅቡ ጋር ነሐሱን ይዞ ይሄዳል። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ የተወለወለ መሣሪያ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ደብዝዞ ታገኙታላችሁ፤ ጽሑፉን የበላው መወልወያ ግድግዳውንም በልቶታል።

የብረቱ ዓይነትና ውፍረትስ? ይህ ከሁሉ የሚያከራክረው ነው፤ ዝም ብዬ "ምንም አያደርግም" ብል እዋሻለሁ። በአንድ በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሪቻርድ ስሚዝ የተባለ እንግሊዛዊ የድምፅ ሳይንስ ባለሙያና መሣሪያ ሠሪ ከ0.3 እስከ 0.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው የትሮምቦን ቤሎች አሠርቶ ለሙያተኛ ነፊዎች ዓይናቸውን አስሮ ሰጣቸው። የክብደት ልዩነቱ እንዳይታወቃቸውም አደረገ። የትኛው ወፍራም፣ የትኛው ቀጭን እንደሆነ መለየት አልቻሉም። ከእሱም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1971፣ ጆን ኮልትማን የተባለ አሜሪካዊ ከብር፣ ከመዳብና ከእንጨት የተሠሩ ሦስት ዋሽንቶች ይዞ ተመሳሳይ ፈተና አድርጎ ተመሳሳይ መልስ አግኝቷል።

በሌላ በኩል ግን በፍሎሪዳ የሮሊንስ ኮሌጁ ቶማስ ሙር እና ባልደረቦቹ ትራምፔትን በሰው ሠራሽ ከንፈር እያስነፉ ቤሉን በአሸዋ ከረጢት አፍነው ለኩ። ሰው ስላልነበረበት የነፊ ስሜት ጣልቃ አይገባም። ቤሉ እንዳይንቀጠቀጥ ሲታፈን የድምፁ ስብጥር በጥቂቱ ተለወጠ፤ ትንሽ ነው፣ ግን ይለካል። ከቪየና የሙዚቃ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር በኋላ በሠሩት ሥራም ቤሉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያደርገው እንቅስቃሴ ከአየሩ ጋር እንደሚነጋገር አሳይተዋል። ስለዚህ የቤሉ ግድግዳ ድምፁ ውስጥ ድርሻ አለው። ጥቂት ዲሲቤል ውስጥ የሚቆጠር ድርሻ ነው። ቤሉን በእሳት አግለው እያለዘቡ የሚሠሩ አምራቾች ሙሉ በሙሉ የሚያልሙ አይደሉም። እዚህ ላይ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ የቤሉ ውፍረትና ልስላሴ መሣሪያ ሲሠራ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው፤ የተሠራ መሣሪያ ላይ ግን ከመቀባትና ከማቀዝቀዝ በፊት የሚፈተሹ ብዙ ነገሮች አሉ።

ወደ ዋናው ጥያቄ ልመለስ። ለዓመታት መነፋት ብረቱን ያደክመዋል? ቁጥሩን አብረን እናስላው። ኃይለኛ ነፊ ማውዝፒስ ውስጥ የሚፈጥረው ድምፅ እስከ 170 ዲሲቤል ይደርሳል። አስፈሪ ቁጥር ነው፤ ጆሮ ላይ ቢሆን ያደነቁራል። በግፊት ሲተረጎም 6000 ፓስካል አካባቢ ነው። ይህ ግፊት የቱቦውን ግድግዳ ምን ያህል ይወጥረዋል? የቱቦው ግማሽ ስፋት 6 ሚሊሜትር ያህል፣ ግድግዳው ግማሽ ሚሊሜትር ነው፤ ብታሰሉት ከ70 እስከ 75 ሺህ ፓስካል ይሆናል። ነሐስ፣ ለስላሳው እንኳ፣ ቅርጹን ለዘለቄታው ለመልቀቅ ከዚህ 1000 እጥፍ ያህል ይፈልጋል። ዕድሜ ልክ ቢነፋም የነፊ ሳንባ ነሐስን አያደክምም። መሣሪያውን መሬት ላይ መጣል ከመቶ ዓመት ኮንሰርት ይበልጥ ብረቱን ይጎዳዋል።

እንግዲህ "ብረቱ ሞተ" ያለው ሰውዬ ምን ሰማ? አንድ ነገር በእርግጥ ሰምቷል። ስቱዲዮ ውስጥ አንድ ያረጀ ትራምፔት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጫለሁ። እስቲ እንመርምረው።

መጀመሪያ ፒስተኖቹ። ሦስቱ ፒስተኖች በቤታቸው ውስጥ ከፀጉር በሚያንስ ክፍተት ነው የሚወጡትና የሚወርዱት። በየቀኑ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ሲመላለሱ፣ ዘይት ሲያንሳቸው፣ አቧራ ሲገባባቸው ይበላሉ። ክፍተቱ ሲሰፋ አየር ይሾልካል። አሁን ሦስተኛውን ፒስተን ሳልጫን የሱን ተንሸራታች ቱቦ ወደ ውጭ እስበዋለሁ። ጥቂት ሰከንድ እጠብቃለሁ። ከዚያ ፒስተኑን እጫናለሁ።

(ድምፅ፦ በጣም ደካማ ትንፋሽ)

ሰማችሁ? ምንም የለም ማለት ይቻላል። አጠገቡ አዲስ ትራምፔት አለ፤ እሱን እንደዚሁ ላድርገው።

(ድምፅ፦ ጥርት ያለ "ጶ!")

"ጶ" አለ። ቱቦው ሲሳብ ውስጡ አየር ያንሰዋል፤ ፒስተኑ ጥብቅ ከሆነ ያ ጉድለት እስኪከፈትለት ይጠብቃል። አሮጌው ላይ ግን እኔ ስጠብቅ አየሩ በፒስተኑ ዙሪያ ሾልኮ ገብቶ ጨረሰ። ከንፈር የሚጠብቀው ተንጸባርቆ የሚመጣው ሞገድም በዚያው ሽንቁር ይዳከማል። ኖታው አልያዝ ይላል፣ ዝቅ ብለው ሲነፉት አይነሣም፣ ከፍ ያለው ኖታ ጉልበት ይበላል። ነፊው "ብረቱ ሞተ" ይላል። ብረቱ አልሞተም፤ ፒስተኑ ያሾልካል። ወፈር ያለ የፒስተን ዘይት ለጊዜው ይደፍነዋል፤ ሁነኛው መፍትሔ ፒስተኑን እንደገና አስለብጦ በልኩ ማስሞረድ ነው፤ ይህም የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል።

ሁለተኛ፣ ከፒስተኑ አናት ላይ ያሉት ክብ ጨርቆችና ቡሾች። ፒስተን ሲወርድም ሲወጣም የሚያቆሙት እነሱ ናቸው። ሲያረጁ ይጠፈጠፋሉ። ያኔ በፒስተኑ ላይ ያለው ቀዳዳ ከቱቦው ቀዳዳ ጋር ፊት ለፊት መግጠሙ ይቀርና ግማሽ ሚሊሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዛነፋል። አየሩ በየማለፊያው ላይ ደፍ ያጋጥመዋል። ከዋጋ አንጻር ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ጥገና ይህ ነው። የጨርቅና የቡሽ ዋጋ ከናይትሮጅኑ ጋር አይወዳደርም፤ ለውጡ ግን ብዙ ጊዜ ወዲያው ይሰማል። ውሃ ማፍሰሻዋ ትንሽ ክዳን ላይ ያለችውም ቡሽ እንደዚሁ ናት፤ ስትደርቅና ስትሰነጠቅ ታስተነፍሳለች።

ሦስተኛው ከማውዝፒሱ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያው ቱቦ ነው። ከዚህ መሣሪያ ሁሉ እጅግ ጠባቡና ወሳኙ ክፍል እሱ ነው፤ ሠሪዎች በአሥረኛ ሚሊሜትር ተጨንቀው ነው ስፋቱን የሚወስኑት። እርጥበት፣ ምራቅ፣ ምሳ በልቶ ሳይጉመጠመጥ የነፋ ሰው የምግብ ርዝራዥ፣ ሁሉም መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ነጭ ደለል ንብርብር ይሠራል። የዚህን አሮጌ ትራምፔት የመጀመሪያ ቱቦ ወደ መብራት አድርጌ በውስጡ ሳይ ክብ መሆን የነበረበት ብርሃን ጠርዙ የተበላ ሆኖ ይታየኛል፤ አረንጓዴና ቡናማ ነገር ተለጥፎበታል። ሠሪው በአሥረኛ ሚሊሜትር የወሰነውን ስፋት ቆሻሻው ወስዶታል። "ተነፍቶ ተነፍቶ አለቀ" የተባለ መሣሪያ ታጥቦ ብቻ የሚነሣው ለዚህ ነው።

የዚሁ ቱቦ ውጪ ላይ ደግሞ ሦስት ሮዝማ ነጠብጣቦች አሉ፤ መሐላቸው ጠቆር ያለ። ይህ ከውስጥ የጀመረ ሕመም ነው። ምራቅና እርጥበት ከነሐሱ ዚንኩን እየሸረሸሩ ያወጡታል፤ የሚቀረው ቀዳዳ የበዛበት ልፍስፍስ መዳብ ነው፤ ቀይ የሚመስለው ለዚህ ነው። ዚንክ የሚያንስበት ቅይጥ፣ ለምሳሌ 85 ወይም 90 በመቶው መዳብ የሆነው፣ ይህን በደንብ ይቋቋማል፤ 70 በመቶ መዳብና 30 በመቶ ዚንክ የሆነው ቢጫው ነሐስ ግን ይጋለጣል። ስለዚህ የብረቱ ዓይነት ለድምፅ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ቢሆንም፣ ለዕድሜ ግን ብዙ ያመጣል። እዚህ ላይ የደረሰ ቱቦ አይታከምም። ቱቦው ይለወጣል፤ መሣሪያው ግን አይጣልም።

ስርጉዳትም አለ። ቤሉ ላይ ያለች ስርጉዳት ዓይን ታስከፋለች እንጂ እምብዛም አትጎዳም። ያችው መጠን ጠባቡ ቱቦ ላይ ብትሆን ግን አንዳንዱን ኖታ ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ ታደርጋለች፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ኖታ በቱቦው ውስጥ ግፊቱ የሚበረታበትና አየሩ በብዛት የሚንቀሳቀስበት ቦታ የየራሱ ነው። ስታኞው የለቀቀ ማያያዣም ኖታ ሲነፋ "ዝዝዝ" እያለ ይጮኻል፤ እሱን መበየድ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

በመነፋት ተከፈተ፣ ተለሳለሰ የሚባለውስ? አዲስ መሣሪያ ላይ ፒስተኖች ከቤታቸው ጋር ይተዋወቃሉ፤ ይህ እውነት ነው። የቀረው ግን በአብዛኛው የነፊው ነው። ከንፈር ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ይማራል። የትኛው ኖታ ዝቅ እንደሚል፣ የትኛው መደገፍ እንደሚፈልግ ያውቅና ሳይታሰብ ያስተካክላል። ሰውዬው ከስድስት ወር በኋላ "መሣሪያው ተከፈተልኝ" ይላል። መሣሪያውን ለሌላ ሰው ቢሰጠው ያ ሰው አሁንም ግትር ሆኖ ያገኘዋል።

ይህን ራሳችሁ ለመፈተን ብትፈልጉ፣ በተለይ በማርሽ ባንድና በሙዚቃ ትምህርት ቤቶች ያላችሁ፣ ዘዴው ከባድ አይደለም። ሁለት መሣሪያ፣ አንድ ማውዝፒስ ብቻ። ነፊው ዓይኑን ይሸፈን፣ ወፍራም ጓንት ያድርግ፤ ሌላ ሰው ያቀብለው። አቀባዩ አንዳንዴ ያንኑ መሣሪያ ደግሞ ያቀብል፣ ሳይናገር። ነፊው "ይሄኛው ይሻላል" እያለ ያንኑ መሣሪያ ሲያወዳድር ትሰሙታላችሁ። ውጤቱን የሚጽፍ ሦስተኛ ሰው ይኑር፤ የማስታወስ ጉዳይ ከሆነ ሁላችንም ለራሳችን እናደላለን።

አንድ የጤና ነገርም ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ዘገባ አለ፤ ለ15 ዓመታት ሳል አልለቅ ያለው የትሮምቦን ተጫዋች። የሳሉ ምንጭ በመሣሪያው ውስጥ ያደገ ሻጋታና ተህዋስ ሆኖ ተገኘ። መሣሪያውን በየጊዜው ማጽዳት ሲጀምር ተሻለው። ትሮምቦን ሲነፋ አንዳንዴ በመሣሪያው በኩል አየር ይሳባልና።

ስለ እጥበቱ፦ ውሃው ለብ ያለ ይሁን፤ የሚያቃጥል ውሃ ላከሩን ይልጣል። ለዕቃ ማጠቢያ የምትጠቀሙበት ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። አሞኒያ ያለበት ማጽጃ አይነካው፤ ምክንያቱን ከህንዱ ጥይት ሰምታችኋል። ፒስተኖቹን አውጡ፣ ጨርቆቹን አታርሱ፣ ቱቦዎቹን በሚተጣጠፍ ረጅም ብሩሽ አሹ፤ ከሁሉ በላይ የመጀመሪያውን ቱቦ። ሲደርቅ ፒስተኑን ዘይት፣ ተንሸራታቾቹን ግራሶ ቀቡ። ከልምምድ በፊት አፍ መጉመጥመጥ ግማሹን ሥራ ያስቀራል።

ገንዘባችሁን ከፍላችሁ ያስቀዘቀዛችሁ ካላችሁ ደግሞ አትደንግጡ፤ ቅዝቃዜው መሣሪያውን አልጎዳውም፤ ያው እንደነበረ ነው። ማቀዝቀዣው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ፒስተኑ ተፈትቶ፣ ዘይቱ ተጠርጎ፣ ተንሸራታቾቹ ወጥተው ከሆነ ግን ሲመለስ ታጥቦና ተቀብቶ ነው የተገጣጠመው። በዚያ ሳምንት የተሻለ ድምፅ ሰምታችሁ ከነበረ ያን ድምፅ እኔም አምናለሁ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)

 ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይ የመጀመሪያውን ቱቦ ወደ መብራት አድርጋችሁ ያያችሁት ነገር ካለ፣ ጻፉልን።